ጠበልና መድኃኒት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር በየጠበሉ ቦታ ዘወትር የሚሰማ ነው። ይኸውም ጠበል የገባ ሰው መድኃኒት ቢውጥ እምነት አጉድሏል የሚል አሳብ ነው። ይህን ሰምተው ክኒናቸውን የጣሉ፣ ጥለውም የሞቱ ስላሉ ዝም ልንለው አይገባንም።

የሳንባ ነቀርሳን እንመልከት። ይህን በሽታ የሚያመጡት ረቂቃን ተሐዋስያን ሕመምተኛው ሲስል ወደ አየር ይወጣሉ፤ ነፋስ በማይገባበት ቤት ተጠጋግተው የሚያድሩትንም ይይዛሉ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። በመጀመሪያው 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት ይሰጣል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያም ዋጋ አይጠየቅበትም። ፈተናው የሚመጣው ግን በመካከል ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ሳሉ ይቀንሳል፣ የሌሊቱ ላብ ይቆማል፣ ምግብም ይጣፍጣል። በዚያው ሰሞን ጠበል የገባ ሕመምተኛ ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ይተዋል። ያልሞቱት ተሐዋስያን ግን በሳንባው ተሸሽገው ይቆያሉ፤ እንደገና በተነሡ ጊዜ የቀድሞው መድኃኒት የማያሸንፋቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ያን የጠነከረ በሽታ ከጎኑ ለሚተኛው ጠበልተኛ፣ በቤቱም ለልጁ ያካፍላል። ይህ እምነት ነውን ወይስ ወንድምን መጉዳት?

እግዚአብሔር በውሃም በቅጠልም ይፈውሳል። ሶርያዊው ንዕማን በዮርዳኖስ ታጥቦ ነጻ፤ ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ግን ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ነቢዩ ይህን ማድረጉ ጸሎቱ ባይሰማለት ነበርን? ሐዋርያው ጳውሎስም ድውያንን እየፈወሰ ሳለ፣ ጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል፤ የጉዞው ባልንጀራ ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትም ሐኪምም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምራል።

በአገራችንም የኤድስ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ከሚወጡት መካከል ክኒኑን የሚተዉ ነበሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ አብረው እንዲወሰዱ በግልጥ አስተማሩ።

አንዳንዱ ደግሞ «ክኒን ብውጥ ጾሜን እሽራለሁ፤ ጠበሉንም እንዴት እጠጣለሁ?» ብሎ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ከፈሪሃ እግዚአብሔር የመጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን የታመመውን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱ ከጾም ሕግ ያቀልለታል። የነፍስ አባቱን ይጠይቅ፤ ስለ ሰዓቱም ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

እናንተም የምታጠምቁ አባቶች፣ ወደ እናንተ የመጣውን ሁሉ መድኃኒት ጀምሮ እንደ ሆነ ጠይቁት። የሚያስለውን ከብዙ ሰው ጋር በተዘጋ አዳራሽ አታሳድሩት። ድኛለሁ ብሎ ሊመሰክር የቆመውንም አስቀድሞ አክታውን እንዲያስመረምር ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።