በጓዳ ያሉት አባሎቻችን

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ በዚህ ዕድር ውስጥ የምንገኝ ስድስት ቤተሰቦች ነን። የአንዳንዶቻችን ልጆች ኦቲዝም አለባቸው፤ የአንዳንዶቻችን ወንድም፣ እኅት ወይም የትዳር ጓደኛ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ራሱ ታማሚ ሲሆን፣ ይህን ንግግር ስናዘጋጅ አብዛኛውን ያረመው እሱ ነው። ዕድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም መሆኑ የታወቀ ነው። እኛ ስድስታችንም ክርስቲያኖች ስለሆንን የምንናገረው የራሳችንን ቤት ነው፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጓዳም ከዚህ ብዙ የራቀ እንደማይሆን እንገምታለን።

በቅድሚያ ስሞቹን እንለይ። ኦቲዝም የአእምሮ ሕመም አይደለም። ሕፃኑ ከመነሻው ይዞት የሚያድግ፣ ዕድሜ ልኩንም አብሮት የሚኖር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ጽፎ ካሳወቀ በኋላ እንኳ፣ በውጭው ዓለም ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ በእናት ላይ ሲላከክ ኖሯል፤ ልጇን በፍቅር ስላላቀፈች ነው ይባል ነበር። ይህ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል። በእኛ አገር ደግሞ እርግማን ነው፣ ለክፎት ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው ይባላል። ወቀሳው ቋንቋውን ይለውጥ እንጂ የሚያርፈው ያው እናት ላይ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጌታን በጠየቁት ጊዜ፣ የእሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ እንደመለሰላቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ይህ ንባብ በየዓመቱ ሲነበብ እንሰማለን፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን በር ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄው እንደገና ይጠየቃል።

የአእምሮ ሕመም ግን ሕመም ነው። ይመጣል፣ ይታከማል፣ ይሻላል፣ አንዳንዴም ይመለሳል። ኦቲዝም ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ለጭንቀትና ለድባቴ የተጋለጠ ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በአገራችን የመጀመሪያውን የኦቲዝም ማእከል ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ፣ ለረጅም ጊዜም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው። በከተማችን «አማኑኤል ገባ» ማለት ስድብ ሆኗል። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት መሆኑን ለክርስቲያን ማስታወስ ያስፈልግ ይሆን?

ከመካከላችን የአንዲቷ ልጅ 27 ዓመቱ ነው። ከሰው ጋር ወግ አይዝም፤ ዓይን ለዓይን አያይም። ነገር ግን ቀኑን ንገሩትና የማን መታሰቢያ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም እያለ አንድም አይስትም። ብዙዎቻችሁን የሚያውቃችሁ በክርስትና ስማችሁ ነው። ቅዳሴ ይወዳል። ምክንያቱም የቅዳሴ ሥርዓት ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ አይልም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አውቆ ይጠብቃል፤ ያም ይመጣል። እሱን የሚያሸንፈው ድምፅ ማጉያው ነው። ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ሰውም «ጸበል ውሰዱት፣ ቅዳሴ ሲሰማ የሚጮኸው ሌላ ነገር ስላለበት ነው» ይላል። ሌላ ነገር የለበትም፤ ድምፁ ስለሚያመው ነው። ደግነቱ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሰፊ ነው፤ በዛፍ ሥር ወይም በቅጥሩ ጥግ ቆሞ ማስቀደስም የቆየ ልማድ ነው። እናቱ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ቦታ ፈልጋለት በዚያ ያስቀድሳል። ይህን ያህል ነው የሚያስፈልገው፤ ግን ቦታውን እስክታገኝ ስንት ዓመት ተሳቅቃለች!

ስለ ጸበል ስንናገር አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅልን። ከስድስታችን ቤት ጸበል ያልሄደ የለም፤ ወደፊትም እንሄዳለን። የምንቃወመው «መድኃኒቱን ጣሉት» የሚለውን ነው። አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ በተናገሩ ጊዜ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለዋል። በእንጦጦ ማርያምም አጥማቂ አባቶችና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሕመምተኛውን በጸበልም በክኒንም የረዱበት ሥራ ታይቷል። እንግዲህ አባቶች ከፈቀዱ የሚከለክለው ማን ነው? ጎረቤት ነው፤ ጠያቂ ሆኖ የመጣ ሰው ነው። በሰንሰለት ስለ ማሰርም እንዲሁ ነው። የጌርጌሴኖኑን ሰው በሰንሰለት ያሰሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ጌታ ግን ካዳነው በኋላ ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ ሰደደው። አብሮት ሊሄድ ቢለምነውም አልፈቀደለትም። ቦታው ከሰፈሩ ሰው መካከል ነበረና።

ታማሚ የሆነው ወንድማችን ማኅሌት ቆሞ ያድር የነበረ ሰው ነው። የእሱ ሕመም ስሜት ከልክ በላይ ወጥቶ ከልክ በላይ የሚወርድበት ዓይነት ሲሆን፣ ሁለት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ እንደሆነ ይነሣበታል። ይህን ለንስሐ አባቱ በዝርዝር አስረዳ። እሳቸውም ማኅሌቱን ትተህ፣ ተኝተህ አድረህ፣ ለቅዳሴው ና አሉት። መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ የቀረ መስሎት አዝኖ ነበር፤ አሁን ግን ካህኑ ያዘዙት ስለሆነ በሰላም ይተኛል። ጾምም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሊትየም የሚባለውን ክኒን የሚወስድ ሰው ውሃና ጨው በድንገት ከቀነሰ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከመጠን በላይ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። ስለሆነም ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም ንስሐ አባቱንም ይጠይቃል፤ ሁለቱን። ኤልያስ ነቢዩ ሞትን ለምኖ ከዛፍ ሥር በወደቀ ጊዜ የተላከለት መልአክ ተግሣጽ አላመጣለትም፤ እንጎቻና ውሃ ነው ያመጣለት፤ በልቶም እንደገና ተኛ። እኛ ግን ያዘነ ሰው ቤት ስንገባ በባዶ እጅ ገብተን «እምነትህ ቢጠና ኖሮ» እንላለን።

አሁን ወደ ዕድራችን ሥራ፣ ወደ ሞቱ እንምጣ። በቡታጅራና በአካባቢዋ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አስታውቀዋል። የሚበዙትን የገደላቸውም ተላላፊ በሽታ ነው፤ ማለትም ሌላው ሰው ታክሞ የሚድንበት በሽታ። እንግዲህ ጥሩንባችን ለእነዚህ ሰዎች ቀድሞ ይነፋል ማለት ነው፤ ከተመዘገቡ።

በደንባችን መሠረት ልጅ 25 ዓመት ሲሞላው ከወላጁ መዝገብ ወጥቶ ራሱን ችሎ ይመዘገባል። የ27 ዓመቱ ልጅ ግን ራሱን አልቻለም፣ አይችልምም። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ በማንም ስም ሥር የለም። እናቱ ሌሊት የሚያስጨንቃት «እኔ ቀድሜ ብሞት ማን ያበላዋል» የሚለው ብቻ መስሏችሁ ይሆናል። «ማን ይቀብረዋል» የሚለውም አለ። ስለዚህ ራሱን መቻል ያልቻለ ልጅ ዕድሜው ምንም ያህል ቢሆን በወላጁ ስም ተመዝግቦ እንዲቆይ፣ ወላጆቹ ሲያልፉም መዋጮውን የሚከፍልለት ዘመድ ወይም ጎረቤት ተሰይሞ አባልነቱ እንዲቀጥል እንጠይቃለን።

ቅጣትም አለ። ቀብር ያልወጣ፣ ስም ሲጠራ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ተገቢ ነው፤ ያለ ቅጣት ዕድር አይቆምም። ነገር ግን ልጇን ለደቂቃ ትታ መውጣት የማትችል እናት ድንኳን ውስጥ እንድትቀመጥ ማስገደድ ምን ይባላል? በቤቷ ሆና ንፍሮውን ትቀቅል፣ ሽንኩርቱን ትላጥ፤ እሱም እንደ መገኘት ይቆጠርላት። ከዓመቱ ቅጣት ውስጥ የእኛ ስድስት ቤት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ገንዘብ ያዡ ቢያነቡልን ጉባኤው ራሱ ይፈርዳል።

ከሁሉ የሚከብደው የሚከተለው ነው። በሕመሙ ጭንቀት ራሱን ያጠፋ ሰው ሲኖር ወሬው ከድንኳኑ ቀድሞ ይደርሳል፤ ፍታት ይደረግለት አይደረግለት ብለን የምንፈርደው እኛ እንሆናለን። ይህ የካህናት ጉዳይ ነው። በ4ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ ይኸው ጥያቄ ቀርቦላቸው፣ ካህኑ ሰውዬው በእርግጥ አእምሮውን ስቶ እንደነበረ አጥብቆ እንዲመረምር አዝዘዋል፤ ከቤተሰቡ ሐሰት የሚናገር ሊኖር ስለሚችል ዝም ብሎ እንዳይቀበል፣ አእምሮውን ስቶ ከሆነ ግን ጸሎት እንዳይከለከል። እንግዲህ የሐኪም ቤት ካርድ ያለው ሰው ካርዱ ከካህኑ ፊት ይቅረብ፤ ዕድሩም በዚህ ቤተሰቡን ይርዳ እንጂ በር ላይ ቆሞ አይፍረድ። ከዚያም በፊት፣ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሰው በቤቱ ያለ ቶሎ ይንገረን፤ በሌሊትም ቢሆን። ብቻውን ሳንተወው ሐኪም ቤት አብረን እንወስደዋለን።

እግሩ የተሰበረ አባል ሆስፒታል ሲገባ ዕድራችን ተራ አውጥቶ ይጠይቃል፤ ብርቱካንም ይዘን እንሄዳለን። ወንድማችን አማኑኤል ሁለት ጊዜ ተኝቷል። ያኔ የጠየቁት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፣ አንዱ የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ ናቸው። እንዴት መጡ ብንላቸው «ታሟል ተብሎ ሰማኋ» አሉ።

የደንብ ማሻሻያውን ረቂቅ ለጸሐፊው ሰጥተናል፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይነበባል። በጓዳው እንዲህ ያለ ሰው ያለው ሌላ አባል ካለ፣ በጉባኤ ፊት መናገር ባይወድ እንኳ ለጸሐፊው በጆሯቸው ይንገር። እኛ ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዕድሩ ዕቃ ቤት በረንዳ ላይ እንገኛለን፤ ሰባተኛ ቤት ትሆናላችሁ።