የአየር ሚስማር መምቻ አመራረጥ ለማኅበራት የመጋዘን ግንባታ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው የአርሶ አደሩ ድካም ፍሬ የሚያፈራው እህሉ ከማሳ ሲነሣ ብቻ አይደለም። ከዝናብ፣ ከነቀዝና ከአይጥ ተጠብቆ ገበያ ሲደርስ ነው። ለዚህም መጋዘን ያስፈልጋል። መጋዘን የሚሠራበት ወቅት ግን ጠባብ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር ሥራው ይጀመራል፤ የመኸሩ ምርት በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሰበሰብ ደግሞ ጣሪያው ተከድኖ መጠበቅ አለበት። በዚህ ጥድፊያ መካከል «አናጢዎች በመዶሻ ከሚደክሙ ለምን የአየር ሚስማር መምቻ አይገዛም?» የሚል ሐሳብ በሥራ አመራር ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ የሚያስገርም አይሆንም።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የሚወጣው ገንዘብ የአባላት ገንዘብ ነው፤ ቃታውን የሚስበውም የአባል ልጅ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት አራት ነገሮች መታየት አለባቸው፦ የሚመታው እንጨት፣ የሚመታበት ሚስማር፣ የአየሩ ምንጭና የቃታው ዓይነት። ዋጋ የሚጠየቀው ከእነዚህ በኋላ ነው።

1. የሚመታው እንጨት

የአየር ሚስማር መምቻ የራሱ ኃይል የለውም። ኮምፕሬሰር አየሩን ጨምቆ በታንኩ ያጠራቅማል፤ የታመቀው አየር በጎማ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፤ ቃታው ሲሳብ አየሩ ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ብረትም ሚስማሩን በአንድ ምት ይቀብረዋል። ይህ ዓይነት ማሽን በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራውም የቤት ወለል ጣውላ መምታት ነበር። ይህ ታሪክ ለገዢ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ማሽኑ የታሰበው በመጋዝ ተሰንጥቆ ፊቱ ለጥ ላለ እንጨት ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር የብዙ ቤትና ጎተራ ግድግዳና ጣሪያ የሚሠራው ግን በድቡልቡል የባሕር ዛፍ አጣና ነው። የማሽኑ አፍ በድቡልቡል እንጨት ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ሚስማሩም ወደ ጎን ሊወጣ ይችላል። ከዚህም በላይ የተለመዱት የመዋቅር ሚስማር መምቻዎች የሚቀበሉት ከ50 እስከ 90 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሚስማር ነው። እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር የሚወፍሩ ሁለት አጣናዎች ሲደራረቡ 90 ሚሊ ሜትር ሚስማር የላይኛውን እንኳ አልፎ አይወጣም። እንዲህ ባለ ቦታ መዶሻና ረጅም ሚስማር፣ ወይም ቡሎን፣ ምትክ የላቸውም።

ማሽኑ የሚያዋጣው ማኅበሩ በተሰነጠቀ ጣውላና ሞራሌ ሲሠራ ነው፤ በተለይም አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ ካፕሪያታዎች መሬት ላይ ሲገጣጠሙ፣ እንዲሁም ጆንያ የሚደረደርባቸው የእንጨት ፓሌቶች ሲሠሩ። የቆርቆሮ ሚስማር ግን በዚህ ማሽን አይመታም። ባርኔጣ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር ከማሽኑ ካዝና ጋር አይስማማም።

2. ሚስማሩ

ለመዶሻ የሚሆን ሚስማር በኪሎ ተመዝኖ ይገዛል። የማሽኑ ሚስማር ግን ተደርድሮና ተያይዞ የሚመጣ ሲሆን፣ የአንዱ ማሽን ሚስማር ለሌላው ላይሆን ይችላል። ማሽኖቹ የሚለዩት ሚስማሩ በሚደረደርበት ማዕዘን ነው። በፕላስቲክ የተያያዘው በአብዛኛው 21 ዲግሪ፣ በሽቦ የተያያዘው 28 ዲግሪ፣ በወረቀት የተያያዘው ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ነው። በሽቦ ተያይዞ እንደ ጥቅል የሚገባው ደግሞ 15 ዲግሪ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ብዙ ሚስማር ስለሚይዝ ለፓሌት ሥራ ይመረጣል። በወረቀት የተያያዘው እርጥበት ስለማይወድ በክረምት ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ስለዚህ ኮሚቴው በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «ማሽኑ ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «ሚስማሩ ከወዴት ይገኛል? በሚቀጥለው ዓመትስ ይገኛል?» ብሎ ነው። ሚስማሩ ያለቀበት ማሽን ከመዶሻ ያነሰ ዋጋ አለው፤ መዶሻ ከየትኛውም ሱቅ በተገዛ ሚስማር ይሠራልና። መጋዘኑ ማዳበሪያ የሚቀመጥበት ከሆነ ደግሞ ማዳበሪያ እርጥበት ሲስብ ብረትን ስለሚያዝግ ዚንክ የተነከረ ሚስማር መምረጥ ይገባል።

3. የአየሩ ምንጭ

ማሽኑ የሚሠራው በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 ባር ግፊት ነው። አንድ አናጢ በተለመደ ፍጥነት ሲሠራ 2 የፈረስ ጉልበት ያለው ኮምፕሬሰር ይበቃዋል። ሁለት ማሽኖች በአንድ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ግን ከፍ ያለ ያስፈልጋል።

በደጋ ላሉ ማኅበራት አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በመሆኑም በካታሎግ የተጻፈው የኮምፕሬሰር አቅም ደጋ ላይ ሙሉ በሙሉ አይገኝም፤ ታንኩ ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። የመብራት መስመር በሌለበት ቦታ ጄኔሬተር ሲታሰብም የጄኔሬተሩ ሞተር በዚያው በሳሳ አየር ምክንያት ጉልበቱ ይቀንሳል። የኮምፕሬሰር ሞተር ሲነሣ ደግሞ ከተለመደው ብዙ እጥፍ የኤሌክትሪክ ኃይል ይስባል። ስለዚህ ሁለቱም ከሚያስፈልገው ከፍ ብለው ይገዙ።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ኮምፕሬሰር ሲጠፋ የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር ከማሽኑ ጋር ማገናኘት በፍጹም የተከለከለ ነው፤ ፍንዳታ ያስከትላል፣ ሕይወትም ያጠፋል።

4. ቃታው

የማሽኑ ትልቁ ጉዳይ በትንሹ ክፍሉ ላይ ነው። ቃታው ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። አንደኛው በተራ የሚሠራ ነው፤ በመጀመሪያ የማሽኑ አፍ እንጨቱን መጫን አለበት፣ ቀጥሎ ቃታው ይሳባል፣ አንድ ሚስማርም ይወጣል። ለሚቀጥለው ሚስማር ሁሉም እንደገና ይደገማል። ሁለተኛው በንክኪ የሚሠራ ነው፤ ቃታው እንደተሳበ ሆኖ አፉ በነካው ቁጥር ሚስማር ይወጣል። የነካው ጉልበት ቢሆንም፣ የባልንጀራ እጅ ቢሆንም ይወጣል።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ በሀገራቸው በሚስማር መምቻ ምክንያት በዓመት ወደ 37,000 የሚጠጋ የድንገተኛ ሕክምና ጉብኝት ይመዘገብ ነበር። በቤት ግንባታ ላይ ካሉ ተለማማጅ አናጢዎች ውስጥ ከ5ቱ 2ቱ በአራት ዓመት ጊዜ ውስጥ ጉዳት ደርሶባቸዋል። የንክኪው ቃታ የጉዳት አደጋም በተራ ከሚሠራው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

«በተራ የሚሠራው ሥራ ያጓትታል» የሚል ክርክር ይነሣል። ይኸው መመሪያ የጠቀሰው ጥናት ግን የንክኪው ቃታ የሚስማር መምታቱን ጊዜ በ10 በመቶ ቢያፋጥንም፣ ልዩነቱ ከጠቅላላው የግንባታ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች መሆኑን ያሳያል። ለዚህች ጥቂት ጊዜ ሲባል የሰው እጅ አይሸጥም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ማኅበራት በተራ የሚሠራውን ቃታ ብቻ ይግዙ።

ከግዢው በኋላም ሕጉ ይጠበቅ። የዓይን መነጽር ሳይደረግ ማሽኑ አይነሣ። እንጨቱን የያዘ እጅ ሚስማሩ ከሚገባበት ቦታ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የተሰነቀረ ሚስማር ከመውጣቱ በፊት የአየር ጎማው ይነቀል። ቃታው በሽቦ ወይም በፕላስተር አይታሰር። በታንኩ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በየቀኑ ይፍሰስ፤ ማሽኑ ዘይት የሚፈልግ ከሆነም ለአየር መሣሪያ የተዘጋጀ ዘይት ጥቂት ጠብታ ይጨመርበት።

የግዢው አካሄድ

«አንድ የሚስማር መምቻ» ብቻ ተብሎ ሦስት ፕሮፎርማ ከተሰበሰበ ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ግን ማኅበሩ ሊሆን ይችላል። በመጠየቂያው ላይ የሚስማሩ ርዝመትና ማዕዘን፣ የቃታው ዓይነት፣ የመለዋወጫ አቅርቦት በተለይም የላስቲክ ቀለበቶቹ፣ እንዲሁም የዋስትናው ጊዜ በግልጽ ይጻፉ። ከመረከብ በፊት ማኅበሩ የሚሠራበት የባሕር ዛፍ ጣውላ ተወስዶ በሻጩ ፊት ሃምሳ ሚስማር ይመታበት። ደረቅ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ የሚሰነጠቅም ነው። ሚስማሩ እስከ ራሱ መግባቱ፣ ጣውላው አለመሰንጠቁና ማሽኑ አለመሰንቀሩ የሚታወቀው በካታሎግ ሳይሆን በዚያ ሙከራ ነው።

በመጨረሻም በዓመት አንድ መጋዘን ብቻ የሚሠራ ማኅበር ለብቻው ማሽን ቢገዛ ማሽኑ አብዛኛውን ዓመት ይተኛል። ዩኒየኑ አንድ ሙሉ ዕቃ ከነኮምፕሬሰሩ ገዝቶ፣ ሁለት አናጢዎችን አሠልጥኖ፣ ለአባል ማኅበራት በተራ ቢያቀርብ ግን ወጪውም ይቀንሳል፣ ሙያውም ይዳብራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው እንደመሆኑ፣ የተገዛው ዕቃ ምን እንደሠራና ማንም እንዳልተጎዳበት የሚገልጽ ሪፖርት በየዓመቱ ለጉባኤው ይቅረብ።

ጣሪያው በጊዜ የተከደነ፣ ሠራተኛውም በሙሉ አካሉ ወደ ቤቱ የተመለሰበት መጋዘን ለማኅበሩ እውነተኛ ሀብት ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን!