ያልተጻፈ ቅጣት አቤት አይባልበትም
በአሽኬሎን ለወላጆች፣ በወላጅና በትምህርት ቤት መካከል ለሚያግባቡ መጋሽሮችና ለመምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር



የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። ትምህርት ቤት ልጅን ሲቀጣ፣ ሲያግድ ወይም ሲያሰናብት ያደረገውን በጽሑፍ የማስታወቅ ግዴታ አለበት እንላለን። ለወላጅ ያስታውቅ፣ ለበላይ አካል ያስታውቅ፣ በዓመቱ መጨረሻም ለሕዝብ ያስታውቅ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተማርን ሁሉ «ወላጅ አምጣ» መባልን እናውቃለን። አባት ወይም እናት ዳይሬክተሩ ፊት ይቀርባሉ፣ ጥፋቱን በገዛ ቋንቋቸው ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይማጸናሉ። አሠራሩ እንከን አልነበረውም አልልም፤ ዱላም ነበረበት። ወላጁ ግን ልጁ ምን አጥፍቶ እንደተቀጣ ሳያውቅ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር።

እዚህ እስራኤልስ? ማታ እናት ከሥራ ደክማ ስትገባ ስልኳ ላይ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በሚያስታውቁበት በማሾቭ መተግበሪያ መልእክት ይደርሳታል። ቀኑ አለ፣ ስንተኛው ክፍለ ጊዜ እንደሆነ አለ፣ የመምህሩ ስም አለ፣ ከዚያ «ሃፍራዓ» የምትል አንዲት የዕብራይስጥ ቃል አለች፤ ልጁ ክፍል ረብሿል ማለት ነው። እናት ዕብራይስጥ ማንበብ ካልቻለች ስልኩን ለማን ትሰጣለች? ለዚያው ለተከሰሰው ልጅ! እሱም አንብቦ «ምንም አይደል እማዬ፣ ማስታወቂያ ነው» ይላታል። ተከሳሹ ራሱ አስተርጓሚ በሆነበት ቤት ወላጅ ተነግሮታል ማለት አይቻልም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ጭራሽ የማይጻፈው ነው። ስልክ ይደወልና «ልጅዎን መጥተው ይውሰዱ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቤት ይረፍ» ይባላል። ወላጅ መምህርን አክብሮ ይወስዳል። ይህ እገዳ ነው ወይስ እረፍት? ማን ወሰነው? በምን ጥፋት? ስንት ቀን? የሚያሳይ ወረቀት የለም። ነገሩ ሲደጋገም በዓመቱ መጨረሻ «ይህ ትምህርት ቤት ለልጅዎ አይስማማውም፣ ሌላ ቢፈልጉለት ይሻላል» የሚል ምክር ይመጣል። ስንብቱ ምክር ተብሎ ስለመጣ የሚከራከር የለም።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ በዘርና በኑሮ ደረጃ ምክንያት ተማሪን ማበላለጥን ይከለክላል፤ ክብርን የሚያዋርድ ቅጣትን ይከለክላል፤ ወላጅ ባደረገው ነገር ልጅ እንዳይቀጣም ይከለክላል። ተማሪን ለዘለቄታው ለማሰናበት ተማሪውና ወላጆቹ አስቀድመው መሰማት አለባቸው። ውሳኔው ከተሰጠም በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ወደ ወረዳው የትምህርት ኃላፊ አቤት ማለት ይቻላል። ጊዜያዊው እገዳ፣ ሃሽዓያ የምንለው፣ በትምህርት ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር መመሪያ ይመራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ 14 ቀን የሚቆጠረው ከምን ተነሥቶ ነው? ከተሰጠ ውሳኔ ነው። ውሳኔው በእጃችሁ ከሌለ ቀኑም አይቆጠርም፣ መብቱም አይሠራም። ያልተጻፈ ቅጣት አቤት አይባልበትም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ልጅን «ቀዝቀዝ እስኪል ቤት ይሂድ» ብሎ ሳይመዘግቡ መላክ ሕገ ወጥ ነው፤ ወላጁ ቢስማማ እንኳ ሕገ ወጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ሚኒስቴሩ የሲቪል መብቶች ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ከትምህርት ቤቶች መረጃ ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ቁጥር ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር፤ በመንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሕፃናት ከጠቅላላው 18 በመቶ ሲሆኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ከታገዱት መካከል ግን 48 በመቶ ነበሩ። የአራት ዓመት ሕፃን! ይህ ባይመዘገብና ባይወጣ ኖሮ እያንዳንዱ እናት የእኔ ልጅ ብቻ ነው ባለጌው ብላ አንገቷን ደፍታ ትቀር ነበር።

በዚህ አገርም እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ የወጣቶቻችን የፀረ ዘረኝነት ሰልፍ በኋላ በወይዘሮ ኤሚ ፓልሞር የተመራው ቡድን በ2016 በትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ ስለሚደርሰው ዘረኝነት ሪፖርት አቅርቧል። 53 የማሻሻያ ሐሳቦች ነበሩበት፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ያለው ዘረኝነትን የሚከላከለው ክፍልም የተቋቋመው ከዚያ ወዲህ ነው። አቤት የሚባልበት በር አለ ማለት ነው። ወደ በሩ ስትሄዱ ግን ማስረጃ ትጠየቃላችሁ።

የሚነሡብንን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። መምህራን «የወረቀት ሥራ በዛብን» ትላላችሁ፤ እውነት ነው፣ በዝቶባችኋል። በተለይ በዚህ ከተማ፣ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023ቱ የሐማስ ጥቃት ወዲህ፣ የሳይረን ድምፅ እንቅልፍ የነሳውን ልጅ የምታስተምሩት እናንተም እንቅልፍ ያጣችሁ ናችሁ። ነገር ግን በትክክል የፈረደን መምህር ከሐሜት የሚያድነው ያው የጻፈው ወረቀት ነው። ልጁ የረበሸው ባለጌ ሆኖ ነው ወይስ ፈርቶ የሚለውም ምክንያቱ ሲጻፍ ነው የሚታየው።

ከእኛው ወገን ደግሞ «ቁጥሩ ከወጣ ልጆቻችን መጠቋቆሚያ ይሆናሉ» የሚሉ አሉ። ይህን ስጋት አልንቀውም። ስለዚህ ለሕዝብ የሚወጣው ሪፖርት የልጅ ስም አይኑርበት፤ ጥቂት ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት ቁጥሩ ከከተማው ጋር ተደምሮ ይቅረብ። ከቁጥሩ ጎን ጥፋቱና የቅጣቱ ርዝመት ይኑር። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ማን ብዙ እንደተቀጣ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ልጆች እኩል አጥፍተው አንዱ በተግሣጽ ሲታለፍ ሌላው ለምን ለሳምንት እንደታገደ ነው።

ጥያቄያችን ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ከክፍል ማስወጣት፣ «ይረፍ» ተብሎ ቤት መላክም ጭምር፣ ይመዝገብ። ወላጁ ጥፋቱን፣ የቀኑን ብዛት፣ የወሰነውን ሰውና አቤት የሚልበትን ቦታ በሚያነበው ቋንቋ ይወቅ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ መጋሽር ይንገረው፤ ልጁ አይንገረው።

ዛሬ ከሰዓት በፊት ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ እናያለን። ከሰዓት በኋላ በየቡድኑ ተቀምጠን ለትምህርት ቤት የሚቀርብ ባለ አምስት መስመር የማመልከቻ ደብዳቤ በዕብራይስጥ እንጽፋለን፤ «ልጄ የታገደበት ውሳኔ በጽሑፍ ይሰጠኝ» የሚል። መምህራንም ከእኛ ጋር ሆናችሁ ለወላጅ የሚላከውን ማስታወቂያ ታረቅቃላችሁ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉና፣ እያንዳንዳችሁ ደብዳቤውን ሳትይዙ ከዚህ አዳራሽ እንዳትወጡ አደራ እያልኩ ሥልጠናው መከፈቱን እገልጻለሁ።