ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ አጥርና ስለ ጎረቤት አቤቱታ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ሥራ ነው። «ዕድርና የቤት ሥራ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ያገናኛቸውን ነገር ባለፈው ክረምት ሁላችንም በዓይናችን ስላየነው ከዚያው እንጀምር።

አንድ አረጋዊ አባታችንን ለመቅበር ተሰብስበን ሳለ፣ ሬሳው ከቤት ወጥቶ መተላለፊያው ላይ ሲደርስ ሳጥኑ በማዕዘኑ አልዞር አለ። ቀድሞ አራት ሰው ተሸክሞ እንደ ልቡ ያልፍበት የነበረው መንገድ፣ ከወዲህ በብሎኬት አጥር፣ ከወዲያ በቆርቆሮ ማድቤት ተገፍቶ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ሆኗል። በመጨረሻ ልጆቹ በዚያ ዝናብ አጥር ላይ ወጥተው የአባታቸውን ሬሳ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለው አሻገሩት። ያን ቀን ያላፈረ ሰው አልነበረም።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አጥሩ በአንድ ሌሊት አልበቀለም። ብሎኬቱ ሲራገፍ አይተናል፤ ሲሚንቶው ሲቦካ አይተናል፤ «ያስፈጽምህ!» ብለን አልፈናል። ይሉኝታ ያዘንና ዝም አልን።

ከቀብሩ በኋላ ኮሚቴያችን ጉዳዩን ይዞ ብዙ ደጅ ጠና። የመጀመሪያው ቢሮ ወደ ሌላው ላከን፤ ሌላውም መልሶ ላከን። ኋላ ሲገባን ግን የጥፋቱ ግማሽ የእኛው ነበር፤ የትኛው ነገር ለማን እንደሚቀርብ አናውቅም ነበርና። እንግዲህ በዚያ ምልልስ የተማርነውን ለእናንተ እናካፍላለን። አቤቱታ የሚቀርብባቸው በሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ ከ10,000 በላይ ነዋሪ ባለባቸው ከተሞች ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ሕንፃ እንዳይሠራ፣ እንዳያስፋፋና እንዳይለውጥ ደንግጎ ነበር። ሕንፃዎችንም «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በሦስት መደባቸው። ተራው የመኖሪያ ቤት በምድብ «ሀ» ሲሆን፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውና ሕዝብ የሚገለገልበት በምድብ «ሐ» ነበር። ፈቃድ የሚሰጥ የሕንፃ ሹም፣ ሥራውን እየሄደ የሚያይ ተቆጣጣሪ፣ ቅሬታ የሚሰማ የይግባኝ ቦርድ እንዲኖር ያደረገውም ይኸው አዋጅ ነው። ስለዚህ «ጎረቤቴ ፈቃድ አለው ወይ? ከፈቃዱስ ውጪ እየሠራ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ የሚቀርበው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ደንብ ማስከበር ነው። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ያያል፣ ያስጠነቅቃል፣ ሥራ ያስቆማል፤ ሕገ ወጥ ሆኖ ከተገኘም እንዲፈርስ ያደርጋል። የመንገድ ነገር በዚህ በር ይገባል። የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መተላለፊያ የማንም የግል ርስት አይደለም። «ትንሽ ነው የገፋሁት» ማለትም መልስ አይሆንም፤ አሥር ሰው ትንሽ ትንሽ ሲገፋ ነው መንገድ የሚጠፋው።

ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው። «ይኽ ወሰን የኔ ነው፣ የሱ ነው» የሚለውን ክርክር ደንብ አስከባሪ አይፈርድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት በይዞታው ሲጠቀም በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በጩኸት ወይም በመናወጥ ጎረቤቱን ከመጠን በላይ እንዳያውክ ያዛል። በቁጥር 1149 ደግሞ ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከት ይወገድልኝ ብሎ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። እንግዲህ ይሉኝታ ስንት እንደሚያስከፍል ከዚህ ተመልከቱ!

አቤቱታውም ሥርዓት አለው። በቃል የተነገረ በቃል ይቀራል። በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑ፣ ቦታውና የታየው ነገር ብቻ ይጻፍበት፤ ፎቶግራፍ ቢኖር ይያያዝ፤ ገቢ የተደረገበት ቅጂ በእጃችን ይቅር። ጊዜውም መሠረት ሲቆፈር ነው። ያን ጊዜ የሚፈርሰው ጥቂት ድንጋይ ነው፤ ጣሪያ ከለበሰ በኋላ ግን የሚፈርሰው የሰው ጥሪት ነው። የቆየ ቂም ለመወጣት አቤት የሚልም አለ፤ እሱም ይቅርብን።

አሁን የሚያሳፍረንን እንናገር። ተቆጣጣሪው መጥቶ መንገዱን ሲለካ፣ የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫችን ፊት ቆሞ «የዚህስ ፈቃድ የታል?» አለን። ፈቃድ አልነበረውም። የኋላ ግድግዳውም አንድ ሜትር ያህል ወደ መተላለፊያው ገብቶ ተገኘ። ሌላውን ከስሰን ስንመጣ ራሳችንም ተከሳሽ ሆንን ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ሲሰጠን ኮሚቴው አልተከራከረም፤ ታስታውሳላችሁ፣ እሑድ ጧት አካፋና ዶማ ይዘን ራሳችን አፈረስነው። በሳምንቱ ባለ አጥሩ ወንድማችን «ዕድሩ የራሱን ካፈረሰ እኔ ምን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ?» ብሎ አጥሩን ወደ ቦታው መለሰ። ለዚህም በጉባኤው ፊት እናመሰግነዋለን።

የቀረው ማድቤቱ ነው። ባለቤቷ እህታችን እንጀራ ጋግራ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ናት። ለእሷም ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ የተሰጣት ቀንም ተቃርቧል። «አፍርሺ» ማለት ቀላል ነው፤ ምጣዷን የት ትጣድ? ሕጉ የመንገዱን መልስ ሰጥቶናል፤ የእሷን መልስ ግን መስጠት ያለብን እኛ ነን። ስለዚህ ኮሚቴው ለጉባኤው ይህን ያቀርባል፦ ማድቤቱ በግቢዋ ውስጥ እንዲሠራ ፈቃዱን ከእሷ ጋር ሄደን እንጠይቅ፤ ቆርቆሮና እንጨቱን ከዕድሩ ገንዘብ እንግዛ፤ ጉልበቱን ከየቤቱ እናዋጣ። ከእንግዲህም ማንም አባል ቤት ወይም አጥር ሲሠራ፣ ገና ሲጀምር ፈቃዱን ለኮሚቴው እንዲያሳይ በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ።

በሞት ጊዜ የምንሸካከም ሰዎች በቁም ሳለን መንገድ ልንዘጋጋ አይገባም። ሁላችንም አንድ ቀን በዚያ ማዕዘን እናልፋለንና፣ የዛሬው ድምፃችሁ ይህን እያሰበ ይሰጥ።

ፈጣሪ ሰላሙንና ጤናውን ይስጠን።