ለልጆች ትምህርት የሚጠራ ደቦ

(በነቀምቴ ከተማ በመምህራንና በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች በትናንሽ ጉባኤ መገናኘታቸው ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። ርእሱ በተነገረኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት ባሕር ማዶውን ነበር። በአሜሪካ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤታቸው የሚያስተምሩ አያሌ ወላጆች አሉ። እነዚህም አንዳንድ ጊዜ በታላላቅ አዳራሾች፣ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ሆነው እየተገናኙ ይመካከራሉ። እኛ ዘንድ ግን «ትምህርት ቤቱ ይቅር፤ ቤቴ ይበቃል» የሚል ወላጅ ማግኘት ያዳግታል። ስለዚህ ጉዳዩ የኛ አይደለም ብዬ ነበር። ጥቂት ሳሰላስል ግን የወለጋ ወላጅ ሳይመርጠው የቤት አስተማሪ የሆነበት ጊዜ ሩቅ አለመሆኑን አስታወስኩ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይቀጥላል ተባለ፤ በከተሞችም በስልክ የሚላክ መልመጃ ተጀመረ። በወለጋ ግን በብዙ ቦታ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ከዚያ በፊት ለወራት ተቋርጦ ቆይቶ ገና በመጋቢት ወር መጨረሻ ላይ ነበር የተመለሰው። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈቱም፣ በአካባቢያችን በነበረው ግጭት ሳቢያ ከዚያም በኋላ ተዘግተው የቆዩ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ልጁን ከቤት አስቀምጦ «ምን ላስተምረው?» ብሎ የተጨነቀ ወላጅ ከመካከላችን ጥቂት አይደለም።

በዚያው በ2012 ክረምት ያየሁትን አንድ ነገር ላውጋችሁ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ወቅት ነበር። ስለሆነም በአንዲት ጎረቤቴ ግቢ፣ ከዛፍ ሥር ተራርቀን የተቀመጥነው ሦስት እናቶችና እኔ ብቻ ነበርን። ቡናው እንደ ቀረበ አንደኛዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መምህር፣ እኔ እኮ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ፊደል እንጂ ቁቤ አላውቅም። ልጄ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ ሥራ እንዳለብኝ አስመስዬ እነሣለሁ» አለችኝ።

ክቡራን ሆይ፣ ይህች እናት የተናገረችው የብዙዎችን ችግር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ኦሮምኛውም የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ቁቤ ተወሰነ፤ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአፍ መፍቻ ቋንቋ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። በዚህ መካከል ብዙ አባቶችና እናቶች ቋንቋውን አሳምረው እያወቁት የልጆቻቸውን መጽሐፍ ማንበብ የማይችሉ ሆነው ቀሩ። ይኸንንም እንደ ጉድለት ቆጥረው ይደብቁታል።

እኔ ገና መልስ ስፈልግ፣ ሁለተኛዋ እናት ቀደመችኝ። «እኅቴ፣ እኔም አላነብም። ግን ልጄ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ሽሮዬን እያማሰልኩ እሰማለሁ። ያልገባኝ ነገር ካለ የተሳሳተችው እሷ ናት ማለት ነው፤ እንደገና አንብቢ እላታለሁ» አለቻት። በቁቤ የአናባቢው ፊደል ሲደገም ድምፁ ይረዝማል። ልጁ መርዘም ያለበትን ቢያሳጥር፣ «ላፋ»፣ ማለት «ለስላሳ» የሚለው ቃል፣ «ለፈ»፣ ማለት «መሬት» ሆኖ ይነበባል። ይህን ስሕተት ለመያዝ ፊደሉን ማወቅ ግድ አይደለም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ጆሮ ይበቃል። በመምህርነት ብዙ ዘመን የቆየሁ ሰው ስሆን፣ ይኸን ዘዴ የተማርኩት ከዚያች እናት ነው።

የትንሹ ጉባኤ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ያቺ የመጀመሪያይቱ እናት ሦስት መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ ብትሆን ኖሮ እጅዋን አውጥታ «ቁቤ አላውቅም» ትል ነበርን? አትልም። አጨብጭባ ወደ ቤትዋ በተመለሰች ነበር። ትልቁ ስብሰባ ለመምህራን ሥልጠናና ለዕቅድ የማይተካ ጥቅም አለው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ወላጅ የሚያፍርበትን ጥያቄ አውጥቶ የሚጠይቀው ስሙንና ኑሮውን በሚያውቁ ጥቂት ጎረቤቶች መካከል ነው። የሚያገኘውም መልስ በዚያው ማምሻውን በምድጃው ዳር የሚሠራበት ነው። በሳምንቱም «እንዴት ሆነላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አለ።

ወላጆች እንዲህ ሲገናኙ በእጃቸው ያለውን ሀብት ያገኙታል። ይህ ሀብት ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ የወለጋ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። አስቴር ጋኖ በልጅነትዋ ለባርነት ተሽጣ ባሕር ልትሻገር ስትል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ነፃ ወጥታ ምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ተማረች። በልጅነትዋ የሰማችውን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈችው፤ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋርም በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጁበት። ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው በማስተማር ሥራ ተሰማሩ፤ ኦኔሲሞስም በ1931 እዚሁ ነቀምቴ ዐረፈ። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ የኦሮምኛ የትምህርት መጻሕፍት አንዱ የተገኘው አንዲት ሴት ልጅ በቤትዋ ሰምታ ካልዘነጋችው ቃል ነው። «እኔ ለልጄ የማስተምረው የለኝም» የሚል የወለጋ ወላጅ ቢኖር ይኸን ያስታውስ።

ሁለት ሥጋቶች እንዳሉ አልሰውርም። አንደኛው፣ ወላጆች ብቻቸውን ሲመካከሩ ስሕተትም አብሮ ይዛመታል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህ አንድ መምህር አብሮ ይቀመጥ። ነገር ግን ንግግር ለማድረግ ሳይሆን ለመስማትና የተጣመመውን ለማቃናት ይሁን። ሁለተኛው ሥጋት ከዚህ ይከብዳል። «ወላጆች ራሳቸው ያስተምራሉ» ተብሎ የተዘጋው ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንዳይቀር ነው። የእናት ጆሮ ንባብን ሊያቃና ይችላል፤ የክፍልፋይን ሒሳብና የሳይንስን ሙከራ ግን የሚተካ አይደለም። በመሆኑም በየስብሰባው መጨረሻ «ትምህርት ቤታችን ምን ጎደለው? ለማንስ እናመልክት?» የሚለው ጥያቄ እንዲነሣ አሳስባለሁ።

ከዚህ በላይ ጊዜያችሁን ላለመሻማት ሐሳቤን በአጭሩ ላጠቃል። በአገራችን የአንድ ሰው ጤፍ በአረም ሲዋጥ ደቦ ይጠራል፤ «ባለቤቱ አረም ማረም አይችልም» ብሎ የሚሰድበው የለም። የልጆቻችን ትምህርት ሲዋጥ ግን እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን ብቻችንን እናፍራለን። ስለዚህ ከጊምቢ፣ ከነጆ፣ ከሻምቡ፣ ከደምቢ ዶሎና ከዚሁ ከነቀምቴ የመጣችሁ መምህራን በየሰፈራችሁ ከስድስት እስከ ዐሥር የሚሆኑ ወላጆችን በወር አንድ ቀን እንድትጠሩ እለምናለሁ። አዳራሽ አያስፈልግም፤ አበልም አያስፈልግም። በየጊዜው አንድ ችግር ብቻ ይነሣ፤ መጀመሪያ የሚናገረውም ወላጁ ይሁን።

ያቺ እናት በሚቀጥለው ሳምንት ልጅዋ ሲያነብላት አልተነሣችም። ይኸን የነገረችኝ ራስዋ ናት።