ድምፅ የሌለው ሥቃይ እንዴት ይለካል?



በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከአልጋው ራስጌ የቆመው መሣሪያ የልብ ምትንና የኦክስጅንን መጠን ያለማቋረጥ ይመዘግባል፤ ሥቃይን ግን አይመዘግብም። ከቀየት ደጋ ለሕክምና የመጣ ገበሬ የመተንፈሻ ቱቦ ከገባለት በኋላ «አመመኝ» ለማለት አይችልም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ይፋ የሆነው መለኪያ አራት ነገሮችን ይመለከታል፤ እነርሱም የፊት ገጽታ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የጡንቻ መወጠርና ከመተንፈሻው መሣሪያ ጋር መስማማት ናቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል። የሠለጠነ የነርስ ዓይንና አንድ ቅጽ ይበቁታል።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን አያስታምምም። ድምሩ ከ2 ሲያልፍ ሥቃዩን ማስታገስ፣ ከዚያም እንደገና መለካት ያስፈልጋል። በደጅ ለሚጠብቁት ቤተ ዘመዶችም እውነቱ በወቅቱ ሊነገራቸው ይገባል። ማዳን በማይቻልበት ጊዜ እንኳ ሥቃይን ማቅለል ይቻላልና።