የውሻችን እግርና የቤታችን ወለል
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጓሮ ዶሮ ቡድን የቀረበ ንግግር



እንድንናገር የተጋበዝነው ስለ ዶሮ ነበር። ስለ ውሻ እግር እንናገራለን ስንል አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። ባለፈው ስብሰባም «የሴቶች ገንዘብ ለውሻ እግር ይወጣል ወይ?» ተብሎ ተጠይቋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን «አዎ» ነው፤ ምክንያቱን ደግሞ እንንገራችሁ።

የዶሮ ቤቶቻችንን ሌሊት የሚጠብቀው ቁልፍ አይደለም፤ ውሻ ነው። ሸለምጥማጥ በትንሽ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል፣ ውሻ ከጮኸበት ግን ይሸሻል። እግሩ ያበጠ ውሻ ከተኛበት አይነሣም፤ ቢነሣም አያባርርም። በሁለት አባሎቻችን ግቢ የሆነው ይኸው ነው፤ ጠዋት የተገኘው ላባ ብቻ ነበር። የእንቁላል ገንዘብ ለእኛ የልጅ ደብተርና የእቁብ መዋጮ ስለሆነ፣ የውሻው ማነከስ ወዲያው ወደ ጓዳችን ይገባል።

ውሻ ሲያነክስ መጀመሪያ በዓይን እንየው። የትኛውን እግር ነው የሚያነሣው? የቱን ነው ደጋግሞ የሚልሰው? ከዚያ በፊት መያዝ አያስፈልግም። ለመንካት ስንነሣ ግን ስንወደው የኖርነው ውሻም ቢሆን ሲያመው ሊነክሰን እንደሚችል አንርሳ። ከአሮጌ ነጠላ አንድ ቁራጭ ቀዶ አፉን ከላይ ጠምጥሞ፣ ከአገጩ ሥር አጣልፎ፣ ከጆሮው ኋላ ማሰር ይበቃል። አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላው ይመልከት፣ ሕፃናት ይራቁ። እንደጨረስን ቶሎ እንፍታው፤ አፉ የታሰረ ውሻ ማለክለክ ስለማይችል በሙቀት ይጎዳል። ትንፋሽ የሚያጥረውንና የሚያስመልሰውን ውሻ ጨርሶ አናስረው።

መዳፉን ስንከፍት በጣቶቹ መካከል፣ በጥፍሮቹ ሥርና ከታች ባለው ልስልስ ሥጋ ላይ እንፈልግ። ብዙ ጊዜ የምናገኘው እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ወይም የተሰበረ ጥፍር ነው። ልጆች ለጨዋታ ያሰሩት ክር ወይም የጎማ ማሰሪያም ያጋጥማል፤ ጠጉሩ ሸፍኖት ከታች ያለው እግር እንደ ድንች ያብጣል። እብጠቱ ባንድ መሥመር ተቆርጦ የሚጀምር ከሆነ ክር ፈልጉ።

ላይ ላዩን ያለ እሾህ በንጹሕ ወረንጦ ይወጣል። ጠልቆ የገባውን ምስማርና ትልቅ ስባሪ ግን እኛ አንጎትተውም፤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ደቂቃዎች ያህል ሳንገላልጥ አጥብቀን እንያዘው። ለማጠቢያ ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልተን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረን፣ ለብ ሲል እንጠቀምበት። ከታጠበ በኋላ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ ያስፈልጋል። ፋሻ ካሰርን በየቀኑ እንፍታው፤ ከፋሻው በላይ ወይም በታች ካበጠ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ወይም ከሸተተ አስተሳሰራችን ጠብቋል ወይም ቁስሉ መግል ይዟል ማለት ነው። ዝናብ ሲሆን የምናለብሰው ፌስታል ግቢ ሲመለስ ይውለቅ።

ስለ መድኃኒት አጥብቀን የምንለው አለ። በረኪና፣ ናፍጣና አረቄ ቁስል ላይ አይፈስስም፤ ሥጋውን ያቃጥላል፣ ውሻውም ልሶ ይውጠዋል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሰው ናቸው፤ ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ። ለበግና ለከብት ከተገዛው የተረፈውን መርፌም በግምት አንስጥ። ሁለቱም ወይም አራቱም እግር አንድ ላይ ካበጠ፣ እግሩ ከተጣመመ፣ ወይም ምግብ እምቢ ካለ ነገሩ የቤት ሕክምና አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ፤ ወደ ሙጀሌ። ሙጀሌ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. ከብራዚል አንጎላ በደረሰ መርከብ፣ ለሚዛን ከተጫነው አሸዋ ጋር እንደገባ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ አፍሪካን አዳረሰ። ሴቷ ቁንጫ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ቆዳ ውስጥ ገብታ በእንቁላል ስትሞላ አተር ታክላለች፤ መካከሉ ጥቁር ነጥብ ያለው ነጣ ያለ እብጠት ሆና ትታያለች። እንቁላሉን ወደ ውጭ ትጥላለች፣ እንቁላሉም በደረቅ አፈር ውስጥ ይፈለፈላል። ለእሷ የውሻው መዳፍና የልጃችን ተረከዝ ልዩነት የላቸውም።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በውሻው ጣቶች መካከል ሙጀሌ ካየን፣ ውሻው በተኛበት አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚጫወተውን ልጅ ጫማ አስወልቀን ማየት አለብን። የልጁን እግር ብቻ እያጸዳን ውሻውን ከተውነው አፈሩ እንደገና ይሞላል። ውሻውን ብቻ ብናክምም እንደዚያው ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው በእናቶቻችን መርፌ ሙጀሌ እየወጣልን ነው፤ ሙያቸው የሚደነቅ ነው። ዳሩ ግን አንዱ መርፌ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር በደም የሚተላለፍ በሽታ ይዞ ይዞራል፣ ክፍት የቀረው ቁስልም ለመንጋጋ ቆልፍ በር ይሆናል። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ፤ ውሻውን የእንስሳት ሐኪም ይየው። እኛ የውሻውን መኝታ ጠርገን እናቃጥል፣ ወለሉን ውኃ እየረጨን እንጥረግ፣ በተቻለ መጠን እንለስን። የልጆች እግር ማታ ማታ በሳሙና ይታጠብ።

አንድ የሚያስፈራንን ነገር ሳንናገር አንወርድም። እግሩን የሚጎትት ውሻ ሁሉ እሾህ የወጋው አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ አንዳንድ ጊዜ በቁጣ ሳይሆን በሽባነት ይጀምራል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ አይነካ፤ አፉ ውስጥ አጥንት ገብቷል ብላችሁ እጃችሁን እንዳትከቱ። ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን ቀድሞ ከተሰጠ ያድናል። ጸሎቱም ጠበሉም ይሁን፤ ጤና ጣቢያው ግን አይቅር።

እንግዲህ የጠየቅነው ገንዘብ ለዚህ ነው፦ ለውሾቹ የዓመት ክትባት፣ ለእንስሳት ሐኪሙ መጓጓዣ፣ ወለላቸው አፈር ለሆነ እናቶች ሲሚንቶ፣ ለልጆች ጫማና ሳሙና። ሲሚንቶው ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤቶች ይቅደሙ ብለን ሐሳብ አቅርበናል፤ ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ክትባቱ ቅዳሜ ጠዋት በማኅበሩ ግቢ ነው። ውሾቹን በገመድ አስራችሁ፣ አዋቂ ሰው ይዟቸው ይምጣ፤ ልጆች እንዳያመጧቸው። የነጠላ ቁራጭ ያላችሁ ያዙ።